ዘጠነኛው ዘፈን የማን ነው

ሌናርት የሚባለው ሽማግሌ ስለ አላባማ ጭቃ ሲዘፍን ሃምሳ ዓመት ሆኖታል፤ የአላባማን ጭቃ ግን አንድ ቀን እንኳ ረግጦት አያውቅም። ይህን ከየሻሽወርቅ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ጫማውን የምታጠልቅለት እሷ ናትና። ጠዋት ጠዋት ከሰፈሯ ከአካላ በሰማያዊው የባቡር መስመር ትነሳና መሃል ከተማ ላይ ወደ ቀዩ ቀይራ ሻርሆልመን ትወርዳለች፤ ሦስተኛ ፎቅ ወጥታ በያዘችው ቁልፍ በሩን ትከፍታለች። ሥራዋ ሄምቸንስት ነው፤ አቅም ያነሳቸውን ሽማግሌዎች በየቤታቸው እየሄዱ መርዳት። የሌናርት ተራ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከአርባ ላይ ነው።

መጀመሪያ መድኃኒቱን ትሰጠዋለች። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ታስቀምጠውና እግሩ እንዳያብጥ ሐኪም ያዘዘለትን ጠባብ ካልሲ እስከ ጉልበቱ ትስብለታለች። ካልሲው ከመጥበቡ የተነሳ የጎማ ጓንት አጥልቃ፣ ምንጣፉ ላይ ተንበርክካ፣ ላብ እስኪያጠምቃት ትታገላለች። ሁለቱም እግር ገብቶ ካበቃ በኋላ ሌናርት ምን ቢል ጥሩ ነው? «ቡትሴን አቀብዪኝ» ይላል። አፍንጫው ሹል፣ ተረከዙ ከፍ ያለ የካውቦይ ቡትስ። የትም አይሄድም እኮ። ከአልጋው ወደ ወጥ ቤት፣ ከወጥ ቤት ወደ መስኮቱ፤ ከመስኮቱ ማዶ ያለው ደግሞ የገበያ ማዕከሉ የመኪና ማቆሚያ ነው።

ሌናርት የሚዘፍንበት ባንድ ማግኖሊያ ፍሬይት ይባላል። የሚጫወቱት ሳውዘርን ሮክ ነው፤ የአሜሪካ ደቡብ ገጠሬዎች በጊታር የሚያላዝኑት፣ ስለ ባቡር፣ ስለ ውስኪና ጥላ ስለሄደች ሴት የሚያወራ ሙዚቃ። ባስ ጊታር መቺው ጡረታ የወጣ የጥርስ ሐኪም ነው። ከበሮ መቺው ዕድሜውን ሙሉ ሂሳብ ያስተማረ ሰው ነው። ከጊታር መቺያቸው ጋር አራቱ ተሰብስበው ሲለማመዱ የሻሽወርቅ ሁለት ሦስት ጊዜ ደርሳባቸዋለች፤ ቆባቸውን ደፍተው፣ በአፍንጫቸው እያወሩ፣ የሌላ አገር ሰው ለመምሰል የሚያደርጉትን ስታይ ሳቋን ለማፈን ሳህን ማጠብ ትጀምራለች። አርባ ዓመት መዘምራን ውስጥ የቆመች ሴት ናት፤ እውነተኛ ድምፅና የተቀባባ ድምፅ ለመለየት ማንም አያስተምራትም። ሌናርትን ትንቀዋለች። በአማርኛ ቢሆን ለሽበቱ ስትል አንቱ ማለቷ አይቀርም ነበር፤ በስዊድንኛ ሁሉም አንተ ነውና በዚህ በኩል ቋንቋውን ታመሰግነዋለች።

ባሏ ሕሩይ ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው። አውቶቡስ ማደሪያ ውስጥ አውቶቡስ ሲያጸዳ የኖረ፣ እሁድ እሁድ የቤተ ክርስቲያናቸውን መዘምራን የሚመራ ሰው ነበር። ታሞ ቤት በዋለበት የመጨረሻ ክረምት አንድ መዝሙር አወጣ። «መብራቱን አታጥፋ፣ ገና አልገባሁም» ብሎ ይጀምራል። ማደሪያው ውስጥ የመጨረሻውን አውቶቡስ የሚያጸዳ ሠራተኛ፣ ዘበኛው ሳያየው መብራቱን እንዳያጠፋበት ከውስጥ ሆኖ የሚጮኸውን ነው ወደ ጸሎት የለወጠው። ሰው ፊት ሁለት ጊዜ ተዘመረ። ሁለቱንም ጊዜ «ጌታ ለመዘምራኑ የሰጠው መዝሙር» ተብሎ ነው የቀረበው እንጂ የሕሩይ ስም አልተነሳም። እነሱ ዘንድ እንዲህ ነው፤ ዝማሬ ላይ የሰው ስም መለጠፍ ክብር መስረቅ ነው። ማይክ የያዘ ሰው ሁሉ አፉን ሲከፍት ክብሩን ለጌታ ሳይሰጥ ሌላ ቃል አይተነፍስም። ሕሩይ ራሱ ይህን ለወጣቶቹ ዘማሪዎች ሲያስተምር ኖረ። እሱ ከሄደ በኋላ ግን አዲሶቹ መዝሙሩን ተዉት፤ የቀረው የሻሽወርቅ አፍ ውስጥ ብቻ ነው። ካልሲ ስትስብ ሳታውቀው ታንጎራጉረዋለች።

ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ ሌናርት ይህን አንድ ጠዋት አስተዋለ። ምንድን ነው የምትዪው አላት። መዝሙር ነው አለችው። እስቲ ከመጀመሪያው ዘምሪልኝ ብሎ ለመናት፤ ስልኩን አልጋው አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ አድርጎ አንድ ነገር ነካ። የሻሽወርቅ ስልኩን አይታለች። አላየሁም ብትል ውሸት ነው። ግን ሕሩይ ከሞተ ወዲህ ዘምሪልኝ ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረም፤ ልጇ እንኳ አልጠየቀቻትም። እና ዘመረች። ሦስቱንም አንቀጽ፣ ካልሲውን እየጎተተች፣ ከአንገቷ ቀና ብላ ዘመረች። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ካልሲው ተረከዙ ላይ ተያዘባትና ትንፋሿን ሰብስባ እስክትጎትተው ዝም አለች፤ ሲለቅላት ቀጠለች። ስትጨርስ ሌናርት ዓይኑን ጠራረገና የማን ነው ብሎ ጠየቃት። እሷም እንደለመደችው መለሰች።

«የጌታ ነው።»

ሌላ አልጨመረችም። ቀጣይዋ ተረጂ ሴትዮ እየጠበቀቻት ነበርና ጓንቷን አውልቃ ወጣች። ቀኑን ሙሉ ልቧ ቀለል ብሎት ዋለ።

አልበሙ በመጋቢት ወጣ። ሌናርት ቡትሱን አጥልቆ፣ ተኮፍሶ፣ አንዱን ትልቅ ሸክላ ፈርሞ ሰጣት። ሸክላ ማጫወቻ የላትም። ለጨዋነት አመስግና አካላ ይዛው ገባችና ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ጣለችው። ልጇ ኢየሩሳሌም ሸክላውን ስታይ ገርሟት ጋዜጣ ላይ ስለ እነዚህ ሰዎች ማንበቧን ነገረቻት፤ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፣ አማርኛ ይገባታል፣ የምትመልሰው ግን በስዊድንኛ ነው። ከስልኳ ላይ ጽሑፉን አውጥታ አነበበችላት። ጸሐፊው አልበሙን ስምንት ዘፈን ድረስ ሲያብጠለጥል ቆይቶ ዘጠነኛው ላይ ሲደርስ ተንበርክኳል። ሽማግሌዎቹ በሃምሳ ዓመት ውስጥ ያልሠሩትን ሠሩ ይላል። ዜማው ከደቡቡ ጭቃ ውስጥ የበቀለ ነው ይላል። በተለይ ከሁለተኛው ስንኝ በኋላ ያለችው ዝምታ የአንድ ትውልድ ሐዘን ናት ይላል።

ኢየሩሳሌም ዘጠነኛውን ዘፈን ከፈተችው። ጊታሩ ሲገባ የሻሽወርቅ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ቢላዋውን አስቀመጠች። ሕሩይ ነበር። ዜማው አንድ ነጥብ ሳይዛነፍ የሕሩይ ነበር፤ ቃሉ ግን ተለውጧል። መብራቱን አታጥፋ የሚባለው አሁን የመጠጥ ቤቱ አሳላፊ ነው፤ ሰውዬው ብርጭቆውን ገና አልጨረሰም። ሁለተኛው ስንኝ አለቀና ዝምታዋ መጣች፤ ያቺ የአንድ ትውልድ ሐዘን የተባለችው ዝምታ። የሻሽወርቅ አወቀቻት። ካልሲው ተረከዙ ላይ የተያዘባት ጊዜ ነበረች። ሰውዬው ትንፋሿን ሳይቀር አንስቶ ሄዷል።

«ማማ፣ ይሄ የፓፓ አይደለም እንዴ?» አለች ኢየሩሳሌም በስዊድንኛ።

ሸክላውን ገልብጠው በጀርባው ያለውን ጽሑፍ አነበቡ። ከስምንቱ ዘፈኖች ሥር የሌናርትና የጓደኞቹ ስም በየተራ ተደርድሯል። ከዘጠነኛው ሥር ግን «ባህላዊ» የምትል አንዲት ቃል ብቻ አለች። ያ ሁሉ ሌሊት አውቶቡስ የጠረገ ሰው፣ መስኮት ሥር ተቀምጦ እየሳለ ቃል የመረጠ ሰው፣ አባት እናት የሌለው ባህላዊ ሆኖ ቀረ። የሻሽወርቅ የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ስሙ ሰው ፊት እንዲጠራ። እሱ በሕይወቱ ያልፈለገውን ነገር ለእሱ መፈለጓ ራሷንም አስደነገጣት። ፈለገችው ግን።

በማግስቱ አንደኛውን ካልሲ አጥልቃ ሁለተኛውን እጇ ላይ እንደያዘች ቆመች። ሌናርት አንድ እግሩ ባዶ፣ አንድ እግሩ ታስሮ፣ ምን ሆንሽ አላት።

«ዘጠነኛው ዘፈን የባሌ ነው» አለችው። «ሕሩይ ይባላል።»

ሌናርት ያለ ክፋት፣ እውነት ገርሞት መለሰላት። «ጠይቄሽ ነበር እኮ፣ የሺ። የማን ነው አልኩሽ። የጌታ ነው አልሽኝ። ጌታን ምን ብዬ ልጻፈው? ባህላዊ ብለን ጻፍነው።»

የጎዳት እውነት መሆኑ ነው። ሌባ ብላ ልትሰድበው አፏን አዘጋጅታ ነበር የመጣችው፤ በሩን የከፈተችለት ግን እሷ ራሷ ሆና ተገኘች። በዚህ የተነሳ የበለጠ ናቀችው፤ ትንሽ የራሷንም ንቀት ጨምራ። እሱ ስለ ካሳ መንተባተብ ሲጀምር አቋረጠችውና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው፤ የአልበሙ ኮንሰርት ላይ፣ ዘፈኑ ሊጀመር ሲል፣ ስሙን ጥራው። እሺ አለ። የመድኃኒቱ ወረቀት ጀርባ ላይ ስሙን በላቲን ፊደል ጻፈችለት። ሦስት ጊዜ አስጠናችው፤ በሦስተኛው ሊጠራው ምንም አልቀረው። ወረቀቱን አጣጥፎ ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተተው። ከዚያ በኋላ ነው ሁለተኛውን ካልሲ ያጠለቀችለት።

እሁድ ከአምልኮ በኋላ ወንድም ባዩ ጠራት። ሕሩይ ሲሞት መዘምራኑን የተረከበው እሱ ነው፤ ያን መዝሙር የተወውም እሱ ነው። ልጁ ዘፈኑን በሬዲዮ ሰምቶ ነግሮታል። የሻሽወርቅ ቁጣ ጠብቃ ነበር፤ ያገኘችው ግን ፈገግታ ነው። መዝሙሩን መዘምራኑ በትንሣኤ ሰሞን እንደገና ሊያቀርቡት መሆኑን ነገራት፤ ወጣቶቹ በጣም ወደውታል አላት። ስድስት ዓመት የት ነበራችሁ ልትለው ፈልጋ ተወችው። ፈረንጅ መጠጥ ቤት አስገብቶ ሲዘፍነው ነው ለካ መዝሙር መሆኑ የታወሳቸው። የሕሩይ ስም ይጠራል ወይ ብላ ብቻ ጠየቀች።

«እህት የሻሽወርቅ፣ እርስዎ ይህንን ያጣሉ?» አለ ባዩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የሰው ስም አንጠራም። ወንድም ሕሩይም ቢኖር ያፍርብዎት ነበር። ደግሞ ዳንኪራ ቤት ሊሄዱ ነው ሲሉ ሰማሁ፤ ይቅርብዎት።»

አልቀረባትም። የትንሣኤ ሰሞን ቅዳሜ፣ ኢየሩሳሌምን ይዛ፣ ለሰርግ የምትለብሰውን ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ ሄደች።

ኮንሰርቱ የሚጀምረው ከቀትር በኋላ አሥር ሰዓት ላይ ነው። የአመፅ ሙዚቃ ነው የሚባለው ይህ ጉድ፣ አመፀኞቹ ለማታው ዜና ቤታቸው እንዲደርሱ ታስቦ በቀን ይካሄዳል። አዳራሹ ደቡብ ከተማ ያለ የድሮ ሲኒማ ቤት ነው፤ አራት መቶ ሰው ይይዛል፤ አራት መቶው ሞልቷል። የሻሽወርቅ እንዲህ ያለ ወደ ኋላ የታሰረ ሽበት፣ እንዲህ ያለ በቀበቶ ላይ የፈሰሰ ሆድ አንድ ላይ ተሰብስቦ አይታ አታውቅም። መግቢያው ላይ ትከሻው የሰፋ አንድ ሰውዬ በሩን ይዞ በትሕትና አሳለፋት። የቆዳ ሰደርያው ጀርባ ላይ ከዋክብት የተሰለፉበት መስቀልኛ ባንዲራ ተሰፍቷል። ኢየሩሳሌም ፊቷ ተለዋወጠ። ያ ባሪያ አንለቅም ብለው የተዋጉት ሰዎች ባንዲራ ነው ብላ በጆሮዋ ነገረቻት። የሻሽወርቅ ዘወር ብላ ሰውዬውን ዳግመኛ አየችው። የዋህ ፊት ነበረው። ምን ለብሶ እንደሚዞር የማያውቅ የዋህ ሰው ከክፉ ሰው ይልቅ ያናድዳል ብላ አሰበች።

ማግኖሊያ ፍሬይት መድረክ ላይ ወጣ። የጥርስ ሐኪሙ ከፍ ባለ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ነው የሚጫወተው። ሌናርት ቆቡን ደፍቶ፣ ቡትሱን ጠቅ ጠቅ እያደረገ መጣ፤ ጠባቡ ካልሲ ከውስጥ መኖሩን ከአራት መቶው ሰው መካከል የምታውቀው አንዲት ሴት ብቻ ናት። የመጀመሪያዎቹን ዘፈኖች ድምፁ ከፍ ሲል እየተሰነጠቀ፣ ዝቅ ሲል እየጠፋ ተወጣቸው። ጊታር መቺው ብቻውን መቆዘም ከጀመረ ማቆሚያ ስለሌለው፣ የሻሽወርቅ መሃል ላይ ሁለት ጊዜ አዛጋች። ሰዉ ግን ያጨበጭባል። ሰዉ የሚያጨበጭበው ለዘፈኑ ሳይሆን ለገዛ ወጣትነቱ መሆኑ ስለገባት ይበልጥ አፍንጫዋን ነፋች።

ዘጠነኛው ደረሰ። ሌናርት ኪሱ ገባና ወረቀቱን አወጣ። የሻሽወርቅ የልጇን እጅ ያዘች። ሌናርት ወረቀቱን ወደ ዓይኑ አስጠጋ፣ አራቀ፣ እንደገና አስጠጋ። ከዚያ ሳቀ። መነጽሬን ቤት ረስቻለሁ አለ። ጠዋት አልጋው አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ አጽድታ ያስቀመጠችለት እሷ ናት። ደግሞም መነጽር ምን ያደርጋል፤ ሦስት ጊዜ አስጠንታው የለም? ሌናርት ግን በዚህ አላፈረም። ይህን ዘፈን የሰጠችኝ ሴት እዚሁ አለች፣ የማን እንደሆነ እሷ ራሷ ትንገራችሁ አለና እስከ መድረኩ ጫፍ መጥቶ ማይኩን ቁልቁል ዘረጋላት። መብራቱ ዞሮ ሰማያዊ ቀሚሷ ላይ አረፈ።

የሻሽወርቅ ተነሳች። ሄዳ ማይኩን ያዘች። ስሙን ባቡር ውስጥ እዚህ እስክትደርስ ሃያ ጊዜ ለራሷ ብላዋለች። ነገር ግን የማይኩ ብረት መዳፏ ላይ ሲያርፍ አርባ ዓመት የቆመችበት ቦታ የቆመች መሰላት። መጀመሪያ የሚባለው መባል አለበት። መጀመሪያ ክብሩ፣ ቀጥሎ ሌላው።

«የጌታ ነው» አለች በስዊድንኛ፤ ለቀጣዩ ቃል ትንፋሿን ሳበች።

አዳራሹ በጩኸት ተናወጠ። የሂሳብ አስተማሪው ያ መግቢያ መስሎት በእንጨቱ አራት ቆጠረ፤ ጊታሩ ገባ፤ ሌናርት ጎንበስ ብሎ ማይኩን ከእጇ ወሰደና መዝፈን ጀመረ። የሻሽወርቅ አፏ እንደተከፈተ ቆመች። ስሙ ሳይጠራ ቀረ። ቦታዋ ተመልሳ ስትቀመጥ ሁለተኛው ስንኝ አልቆ ዝምታዋ መጣች፤ አራት መቶ ሰው ትንፋሹን ዋጠ። ከፊቷ ያለች ሴት እንባዋን ትጠርግ ነበር። የሻሽወርቅ ያን ሁሉ ሰው ናቀች፤ ሌናርትን ናቀች፤ ባዩን ናቀች፤ ከሁሉም አብልጣ ግን ያን የሠለጠነ ትሑት አፏን ናቀች። ሁለት ጊዜ የማን ነው ተብላ ተጠየቀች፤ ሁለቱንም ጊዜ ባሏን ራሷ ቀበረችው።

ሲያልቅ ሰዉ ወደ መግቢያው አዳራሽ ፈሰሰ። ሌናርት ከአንድ ረጅም ጠረጴዛ ጀርባ ተቀምጦ ሸክላ ይፈርማል፤ አንዲት ወጣት ትሸጣለች። ሰልፉ እስከ በሩ ድረስ ነው። ኢየሩሳሌም እንሂድ አለቻት። የሻሽወርቅ አልሄደችም። ሰልፉን በጎን አልፋ ጠረጴዛው ጋ ደረሰች፤ ትርፍ የነበረውን ጥቁር እስክሪብቶ አነሳች፤ ሌናርት ፈርሞ ያስተላለፈውን ሸክላ ከገዢው በፊት ያዘችና ጀርባውን ገለበጠችው። ዘጠነኛዋን መስመር ፈለገች። «ባህላዊ» የምትለውን ሰረዘችና ከጎኗ በአማርኛ ፊደል ጻፈች፤ ሕሩይ።

ሻጯ ምን እያደረግሽ ነው ብላ እጇን ሰደደች። ሌናርት እጁን አንስቶ ከለከላት። ቆቡን አውልቆ ነበር፤ ራሰ በራው አብለጨለጨ። የሻሽወርቅን ቀና ብሎ ሊያያት አልደፈረም፤ ቀጣዩን ሸክላ ፈርሞ ወደ እሷ ገፋላት።

ተረኛው ያ በሩን የያዘላት ባለ ሰደርያ ነበር። ጽሑፉን አይቶ ተደሰተ፤ ምን ማለት ነው፣ ጸሎት ነው ወይ ብሎ ጠየቃት። ሸክላውን ሊወስድ እጁን ዘረጋ። የሻሽወርቅ አልለቀቀችም።

«የሰው ስም ነው» አለችው። «ዘፈኑን የሠራው ሰው። ጥራው።»

ሰውዬው ግራ ተጋባ። ሸክላውን አንድ ጫፍ እሱ፣ አንድ ጫፍ እሷ ይዘዋል። ኢየሩሳሌም ከጎኗ መጥታ ቆመችና ስሙን ቀስ አድርጋ አለችለት። ሰውዬው ሞከረ። አልሆነም። የሻሽወርቅ ጠበቀችው። እንደገና ሞከረ፤ ፊቱ ቀልቶ፣ ከጉሮሮው ስቦ፣ ሕሩይ አለ። ያኔ ለቀቀችለት። ቀጣይዋ ስታለቅስ የነበረችው ሴት ናት፤ እሷም ሳትጠራው አልወሰደችም። ከዚያ ሰልፉ ነገሩን ከሩቅ ተረዳውና እየተጠባበቀ ለብቻው መለማመድ ጀመረ፤ ቆብ የደፉ ሽማግሌዎች አፋቸውን እያጣመሙ የባሏን ስም እርስ በርስ ሲያስጠኑ ሰማች። ፊቷ ላይ ፈገግታ አልነበረም። አንዱንም አላሳለፈችም።

መጨረሻ ላይ ሁለት ሸክላ ቀረ። አንደኛውን ሌናርት አንስቶ ለራሱ ፈረመውና እንደሌሎቹ ሰልፍ ይዞ ፊቷ ቆመ። ሦስት ጊዜ ተሳስቶ በአራተኛው ጠራው። ሁለተኛውን የሻሽወርቅ ስሙን ጽፋበት፣ በነጠላዋ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። እሱ የወንድም ባዩ ነው። ነገ እሁድ ነው፤ እሱም ስሙን ሳይጠራ አይወስደውም።